በደረቅ መኪና ውስጥ የሰጠመው ሰው

«ሰጥሞ ነው የሞተው» አለ ሐኪሙ።

ኢንስፔክተር ድንቅቱ ኡርጌ ዞር ብላ አየችው። ወሩ የካቲት፣ ዘመኑ 2003 ዓ.ም. ነው። ከጥቅምት ወዲህ በአምቦ ጠብታ ዝናብ አልጣለም። የቆሙበት ግቢ መሬት በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ሟቹ የተቀመጠባት ነጭ የቤት መኪና ወለሏ ላይ አቧራ እንጂ ውሃ የለም።

«የት ሰጠመ ታዲያ?»

«እሱን ፈልጎ ማግኘት የአንቺ ሥራ ነው። አፍንጫው ላይ ያለውን አረፋ ተመልከቺ። ደረቱን ጫን ሳደርገው ውሃ ይወጣል። እዚህ ሆዱ ላይ ደግሞ ከጎን እስከ ጎን የተሰመረ ሰንበር አለ። ሌላ ቁስል የለበትም።»

ሟቹ ጉርሙ ሆርዶፋ ይባላል፤ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነበር። ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረው በዚህ ግቢ ያገለገሉ መኪናዎችን ይሸጥ ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ገበያተኛውን ሁሉ በስሙ የሚጠራ ሰው ነው። አሁን አፉ ተከፍቶ፣ ራሱ ወደ ግራ ተጋድሞ፣ መሪው ፊት ተቀምጧል።

ድንቅቱ ወንጀል ምርመራ ከመግባቷ በፊት ሰባት ዓመት ትራፊክ ፖሊስ ነበረች። መኪና ውስጥ የሞተ ሰው ማየት ለእሷ አዲስ አይደለም። የዚህኛው ግን ሁለት ነገር አስገረማት። ሸሚዙ ከወገቡ በላይ ገና አልደረቀም፤ ሱሪው ከወገቡ በታች ደረቅ ነው። ሁለተኛው የደህንነት ቀበቶው ነው። ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ወጥቶ፣ ተመልሶ እንዳይጠቀለል መቆለፊያው ላይ ተቋጥሯል። በሟቹ ደረት ላይ በተጋደመው በኩል ቡናማ የጭቃ መስመር ይታያል፤ ከዚያ በታች ያለው ጨርቅ ጠቁሯል፣ ከዚያ በላይ ያለው ንጹሕ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ረዳቷ ሳጅን ኤጄታ።

«ውሃው የደረሰበት ልክ ነው። መኪናዋ ጎርፍ ውስጥ ቆማ ነበር ማለት ነው። መቀመጫውን ያጥባሉ፣ ምንጣፉን ይቀይራሉ፣ ሽቶ ይረጩበታል። ቀበቶ ግን ሳጥኑ ውስጥ ስለሚጠቀለል ማንም አያስታውሰውም።»

ቋጠሮውን አንድ ጫፉን ይዛ ሳብ አደረገችው። በአንድ ጊዜ ተፈታ። ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ መልሳ ለቀቀችው።

ከዚያ ግቢውን ዞረች። ሌሎች አራት መኪናዎች ቆመዋል። የሁለቱ ቀበቶ ተጎትቶ ወጥቶ አልተመለሰም፤ መጠቅለያው ዝጓል። አንድ ሰው እየከፈተ እየጎተተ፣ መስመር ያለበትን ሲፈልግ ነበር። ከነጯ መኪና ስድስት እርምጃ ርቀት ላይ መኪና የሚታጠብባቸው ሁለት የውሃ በርሜሎች አሉ። አንደኛው ሙሉ ነው። ሌላኛው ከአፉ አንድ ክንድ ያህል ጎድሏል። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አስገባች፤ ከበርሜሉ ሥር አንድ የሸሚዝ ቁልፍ አወጣች። ከበርሜሉ እስከ መኪናዋ በር ድረስ በአቧራው ላይ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ የተረከዝ ፈለጎች ተሰምረዋል።

ቢሮ ተብላ በምትጠራው አንድ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ አምቦ ውሃ ተቀምጧል። አንዱ ተከፍቶ ተጋምሷል፤ ሌላው በእንግዳ ወንበር በኩል ሳይከፈት ቀርቷል። ከእሱ ሥር አንድ ወረቀት ተዘርግቷል። ድንቅቱ አነበበችው። ቆማ ደግማ አነበበችው። አጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ለኤጄታም አላሳየችው።

አስከሬኑን ያገኘው ኢስሃቅ ነበር፤ ከግቢው አጠገብ ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። እጁ በግራሶ ተለውሷል።

«ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ግቢው ይዘጋል» አለ። «ለምሳ ነው። ጉርሙ ግን ከግቢ አይወጣም። ከበላ በኋላ ሸሚዙን ፈታ አድርጎ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ ራሱን ይታጠባል። ሙቀት አይችልም። ሁልጊዜ ነው።»

«ሁሉም ሰው ይህን ያውቃል?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ዛሬ እንግዳ ይጠብቅ ነበር?»

ኢስሃቅ ዓይኑን ሰበረ። «እኔ አላውቅም።»

«ኢስሃቅ፣ እነዚህ መኪናዎች ጎርፍ የገባባቸው መሆናቸውን ታውቃለህ?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እኔ ጠግን ያሉኝን ነው የምጠግነው፣ ኢንስፔክተር።»

የጉርሙ ሸሪክ ሽፋ ይባላል፤ ከደቡብ መጥቶ አምቦ ከከተመ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መኪናዎቹን ከቆላ የሚያመጣው እሱ ነው። የግቢው ሁለተኛ ቁልፍም በእሱ እጅ ነው። አስከሬኑ እንዳይታየው ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«ወላሂ፣ ጉደር ነበርኩ። ለአንድ ገዢ መኪና ሳሳይ ነው የዋልኩት፤ ሰውየውን ጠይቁት።»

«ከጉርሙ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል፤ አልክድም። ባለፈው ክረምት አንድ የቆላ ከተማ ጎርፍ ሲመታው ስድስት መኪና በርካሽ ገዝቼ መጣሁ። የመጀመሪያዋ ከተሸጠች በኋላ ያቺ ልጅ ሞተች። ጉርሙ ‹ከዚህ በኋላ የተቀሩትን ለብረት እንሽጣቸው› አለኝ። እኔ እንቢ አልኩ።»

«እንቢ አልክ?»

«ልጆች አሉኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«እሷም ልጅ ነበራት» አለች ድንቅቱ፤ እሱን ትታው ሄደች።

ያቺ ልጅ ዱረቲ ጃርሶ ነበረች፤ አምቦ ሁሉ ታሪኳን ያውቃል። ሐሮ ወንጪ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነበረች። ምጥ የያዛቸውን እናቶች በቃሬዛና በፈረስ ሲያመጡ ማየት ሰልችቷት ነው መኪና የፈለገችው። አባቷ ኦቦ ጃርሶ የባሕር ዛፍ ደኑን ሸጦ ገንዘቡን ለአማቹ ለሙለታ ሰጠው፤ ሙለታ ከጉርሙ መኪና ገዛላት። በሁለት ወር ውስጥ ዱረቲ አሥራ አንድ እናቶችን ሆስፒታል አድርሳለች። በኅዳር፣ ብቻዋን ስትመለስ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አላት። እስከ ታች ድረስ ጥሩምባ እየነፋች እንደወረደች የአካባቢው ሰዎች ሰምተዋል፤ ሰው ከመንገድ እንዲርቅላት ነበር። ከነመኪናዋ ሐይቁ ውስጥ ገብታ ሰጠመች።

«ነፍሰ ገዳዩ ሙለታ ነው» አለ ኤጄታ። «ሐዘኑ ላይ ሃምሳ ሰው ፊት ‹ጉርሙን እኔም ውሃ ውስጥ እደፍቀዋለሁ› ብሏል። እዚህ በር ላይም መጥቶ ሦስት ጊዜ ድንጋይ ወርውሯል።»

«እንግዲያው እንጠይቀው።»

ሙለታ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ጸሐፊ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩን በጥንቃቄ አበጥሯል። የጉርሙን ሞት ሲነግሩት መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስኪርቢቶ አስተካከለ።

«እግዚአብሔር ፈረደ» አለ።

«አንተስ?»

«እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ምሳም የበላነው አንድ ላይ ነው፤ አሥር ሰው አብሮኝ ነበር። እስከ ስምንት ተኩል አልተለያየንም።»

እውነቱን ነበር። ኤጄታ አሥሩንም ጠይቆ አረጋገጠ።

«መኪናዋ ጎርፍ የገባባት መሆኗን መቼ ነው ያወቅኸው?» አለች ድንቅቱ።

«ከሞተች በኋላ ነዋ! ስብርባሪውን ስናየው ቀበቶው ላይ የጭቃ መስመር አየሁ። ለአማቴም ያሳየሁት እኔ ነኝ። ‹ይኸው፣ ጉርሙ እያወቀ ነው ልጅዎን የገደላት› አልኳቸው። ሰውየው ሰምጦ የወጣ መኪና በሙሉ ዋጋ ነው የሸጠልኝ፣ ኢንስፔክተር። ዘጠና ሺህ ብር!»

«አማትህ የት ናቸው?»

«እኔ ቤት። ልጄን ሊያዩ ከወንጪ መጥተዋል።»

ኦቦ ጃርሶ በሙለታ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሦስት ዓመት ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። የልጅቷ ስም ኤቢሴ ነው። ሽማግሌው ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል፤ ትከሻው ሰፊ፣ መዳፉ የቀዘፋ ጠባሳ የሞላበት ነው። ወንጪ ሐይቅ ላይ ሠላሳ ዓመት ጀልባ ቀዝፏል፤ የሰጠመ ሰው ሲኖር የሚጠሩትም እሱን ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ በፈረስ ሰው ያመላልሳል። ዛሬም የመጣው በፈረሱ ነበር፤ ግራጫው ፈረስ አጥሩ ላይ ታስሮ ቆሟል።

«አካም ጅርታ፣ አዴ» አለ ከመቀመጫው ሊነሣ እየሞከረ።

«አይነሡ፣ ኦቦ። ሰላም ነኝ። ልጅቷም እንዳትወድቅ።»

አጠገቡ ጉቶ ላይ ተቀመጠች። «ጉርሙ ሞቷል።»

«ሰማሁ።»

«ከማን?»

«ሰፈሩ ሲያወራ። እኔ ገና አሁን ነው የደረስኩት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።»

ድንቅቱ ፈረሱን አየችው። ጀርባው ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ ጨው ሆኗል። እግሩ ሥር አንድ እስር ሣር በልቶ ጨርሷል፤ ሦስት ቦታ የተጣለው ፋንድያ ከላዩ ደርቆ ዝንብ ትቶታል።

«መንገዱ ከባድ ነው» አለች። «ዱረቲ ስትመላለስበት ሙለታም አብሯት ይሄድ ነበር?»

«አንዳንድ እሑድ። ግን ቁልቁለቱ ጫፍ ሲደርሱ ይወርድና በእግሩ ይመጣል። ራሱን ያዞረዋል። ልጅቷንም አዝሎ ነበር የሚወርደው፤ እሷንም ያዞራታል እያለ።» ሽማግሌው በሐዘን ፈገግ አለ። «ዱረቲ ትስቅበት ነበር። ታች ቆማ ትጠብቃቸዋለች።»

ድንቅቱ ጥያቄ ለመጠየቅ አፏን ከፍታ ተወችው። ኤጄታ ቃሉን ጽፎ ሲያቀርብለት ሽማግሌው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ስትወጣ በፈረሱ አጠገብ አለፈች፤ እንደ ድንገት የማሰሪያውን ጫፍ ሳብ አደረገችው። ገመዱ በአንድ ጊዜ ተፈታ። መልሳ አሰረችው።

መንገድ ላይ ኤጄታ «ምን አየሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ነገ ኢስሃቅን ብቻውን አምጣልኝ» አለችው። «ከነገ ወዲያ ደግሞ ሁሉንም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አራቱም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሽፋ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ኢስሃቅ ከእሱ ራቅ ብሎ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሙለታ ለአማቱ ወንበር አመጣለትና ከኋላው ቆመ፤ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። ድንቅቱ በርሜሉ አጠገብ ቆማ ድምፅዋን ሳታነሣ ጀመረች።

«ጉርሙ ከወገቡ በላይ ረጥቦ ከወገቡ በታች ደረቅ ነበር። ሆዱ ላይ ክብ የብረት ጠርዝ የሠራው ሰንበር ነበረው። ቁልፉ ከዚህ በርሜል ውስጥ ነው የወጣው። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ራሱን ሲታጠብ አንድ ሰው ከኋላ እግሮቹን ይዞ አነሣው። ወፍራም ሰው በግንባሩ በርሜል ውስጥ ከገባ በራሱ አይወጣም። ይህን ለማድረግ የተለየ ጉልበት አያስፈልግም፤ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው።»

ሽፋ ፊቱን ሸፈነ።

«ገዳዩ ግን በርሜሉ ውስጥ ትቶት አልሄደም። መኪናዎቹን እየከፈተ ቀበቶ ጎተተ። የጎርፉ መስመር ያለበትን ሲያገኝ ሟቹን ወስዶ እዚያ አስቀመጠው፤ መስመሩን ደረቱ ላይ አጋድሞ ቋጠረው። ለምን? እንድናይለት ነው። ‹ይህ ሰው ሰው ያሰጠመው በዚህ ነው› ሊለን ነው። እንግዲህ ሽፋ ሊሆን ይችላል? ሽፋ አምስት መኪና ገና አልሸጠም። ያንን መስመር ከሰው ዓይን ለመደበቅ ሌሊትና ቀን የሚደክም ሰው ነው። ኢስሃቅም እንደዚሁ፤ የእሱ እጅ ነው ምንጣፉን የቀየረው። ሁለቱም ጉርሙን ቢገድሉ ቀበቶውን ይደብቁት ነበር እንጂ አያወጡትም።»

ኤጄታ ሙለታን ተመለከተ። ሙለታ እጁን ከአማቱ ትከሻ ላይ አነሣ።

«እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ።

«ነበርክ። አሥር ሰው መስክሮልሃል። ባይመሰክርልህም አንተ እንዳልገደልከው አውቅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ተዘርግቶ ነበር። አንተ ብትሆን ኖሮ ያንን ወረቀት ከጉርሙ ነፍስ በፊት ነበር የምታነሣው።»

የሙለታ ፊት መልኩን ለወጠ። ሽማግሌው ዞር ብሎ አየው፤ ከዚያ ድንቅቱን።

«ገዳዩ ቢሮ ገብቷል» አለች። «የእንግዳ ወንበር ወጥቶለት፣ ውሃ ቀርቦለት ነበር። ወረቀቱ አፍንጫው ሥር ነበር። ትቶት ሄደ። ወረቀቱን ያላነሣው ስላልፈለገው ሳይሆን ማንበብ ስለማይችል ነው። የቀበቶው ቋጠሮ ደግሞ አንድ ጫፉን ሲስቡት የሚፈታ ነው፤ ፈረስ የሚያስር ሰው ቋጠሮ። ሟቹን ያወጣው ሰው ብብቱን ይዞ ወደ ኋላ እየጎተተ ወስዶታል፤ ራሱን ወደ ጎን አዘንብሎታል፤ ከሐይቅ የሰጠመ ሰው ማውጣት የለመደ እጅ ሳያስበው የሚያደርገው ነው።» ወደ ሽማግሌው ቀረብ አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ደረስኩ አሉኝ፣ ኦቦ። ፈረስዎ ግን ከቀትር ጀምሮ እዚያ ቆሞ ነበር። ላቡ ደርቆ ነበር።»

ኦቦ ጃርሶ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ። ለመካድ አልሞከረም።

«ኤዬ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ኢስሃቅ በለሆሳስ «ያ ረቢ» ሲል ተሰማ።

«እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ሰው ላከብኝ። ‹ለብቻህ ና፣ የምነግርህ አለኝ› አለኝ። የጉማ፣ የደም ካሳ ገንዘብ ሰጥቶ ዝም ሊያሰኘኝ መሰለኝ። ስገባ አስቀመጠኝ። ውሃ ሰጠኝ። ወረቀት ከመሳቢያ አወጣና ‹መጀመሪያ ልታጠብ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ› ብሎ ወጣ። ወረቀቱን አየሁት። ግርጌው ላይ የጣት አሻራ ማሳረፊያ የሚሆን ባዶ ቦታ ነበረው። ‹ልጄን በዚህ ወረቀት ሊገዛኝ ነው› አልኩ በልቤ። ተከትዬው ወጣሁ።»

«አልተናገረም?»

«አንድ ጊዜ አውጥቼው ነበር። መናዘዝ እንዲችል ብዬ ነው። ‹እኔ አልዋሸሁም! ሙለታ ያውቃል፣ ሙለታን ጠይቅ!› አለኝ። ሞት ፊት ቆሞ እንኳ የልጄን ባል ስም ሲያጠፋ ሰማሁት። መልሼ ከተትኩት።»

ድንቅቱ ከኪሷ ወረቀቱን አወጣች። ይህን ማንበብ እንደሌለባት አንዴ አሰበች። ሽማግሌው ግን በችሎት አዳራሽ፣ በማያውቃቸው ሰዎች መሐል ከሚሰማው እዚህ ቢሰማው ይሻላል ብላ ወሰነች። በኋላ፣ ውሳኔዋ ትክክል ይሁን አይሁን እርግጠኛ ሆና አታውቅም።

«የሽያጭ ውል ነው፤ ባለፈው መስከረም የተጻፈ» አለች። «እንዲህ ይላል፦ ‹እኔ ገዢ ሙለታ ፈይሳ፣ መኪናዋ ጎርፍ ገብቶባት እንደነበረና የፍሬን ዕቃዋ ሳይቀየር ቁልቁለት ላይ መነዳት እንደማይገባት በመካኒክ ተነግሮኝ፣ ይህንኑ አውቄ በአርባ ሁለት ሺህ ብር ገዝቻለሁ።› ፊርማ አለበት። ምስክር ኢስሃቅ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ያልገባው መሰለ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ቁጥሩን ደገመ። «አርባ ሁለት?» አለ። «እኔ ዘጠና ነው የሰጠሁት።»

«ኢስሃቅ» አለች ድንቅቱ።

ኢስሃቅ ከጎማው ላይ ተነሣ፤ ማንንም ሳያይ ተናገረ። «ከመግዛቱ በፊት እንድፈትሻት አመጣልኝ። ሁሉን ነገር አሳየሁት፤ ቀበቶውንም። ደስ አለው። ያንን ይዞ ነው ጉርሙን በግማሽ ዋጋ ያስለቀቀው። ጉርሙ ለማንም እንደዚያ ዓይነት ወረቀት ጽፎ አያውቅም፤ ሙለታ አውቆ ስለመጣ ነው ያጻፈው። ‹የፍሬኑን ዕቃ ቶሎ ቀይር› አልኩት። ‹ደመወዝ ስቀበል› አለኝ። ልጅቷ ስትሞት ልናገር ፈልጌ ነበር… ከዚያ ሰው ሁሉ ግቢውን በድንጋይ ሲደበድብ ፈራሁ። ጉርሙም ያው። ባለፈው ሳምንት ነው ‹ለሽማግሌው ልንገረው፣ አላስተኛ አለኝ› ያለኝ።»

«ውሸት ነው!» አለ ሙለታ። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። «ልቀይረው ነበር! በሚቀጥለው ወር ልቀይረው… እኔ ሚስቴን…»

«ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ትወርድ ነበር» አለችው ድንቅቱ። «በእግርህ። ልጅህን አዝለህ።»

ሙለታ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

ኦቦ ጃርሶ ከወንበሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። ኤጄታ ሊይዘው ወደ ፊት ራመድ አለ፤ ድንቅቱ ግን በእጇ ምልክት አቆመችው። ሽማግሌው አማቹ ፊት ሄዶ ቆመ። እጁን አላነሣም።

«‹ያዞረኛል› ትለኝ ነበር» አለው። «እሷ ከታች ሆና እየጠበቀችህ።»

ሽማግሌው ከእሱ ዞር አለ። በርሜሉን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ነግሮኝ ነበር» አለ። «እየተንጠባጠበ ነገረኝ። እኔ መልሼ… ዋቃ ኮ፣ እኔ መልሼ ከተትኩት።»

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ አልተንቀሳቀሰም። ሙለታንም በማታለልና በቸልተኝነት ሞትን በማስከተል ጠርጥረው ያዙት፤ ድንቅቱ ግን የሁለቱ ሰዎች ቅጣት እኩል እንደማይሆን ታውቃለች። ሽማግሌው ቀሪ ዕድሜውን ማረሚያ ቤት ያሳልፋል። ሙለታ ጥቂት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ። ሽፋ ምንም። ሽፋ ገና ከግቢው ሳይወጡ መኪናዎቹ መቼ እንደሚለቀቁለት ኤጄታን በጆሮው ሲጠይቀው ሰማችው።

ሁለቱን ለየብቻ ወሰዷቸው። ሙለታ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ልጄ ጎረቤት ናት» አለ። «ማን ያመጣታል?» ከግራም ከቀኝም አያት የሚባል ሰው አልቀራትም፤ ከኦቦ ጃርሶ በቀር።

ድንቅቱ ራሷ ሄደች። የፖሊስ መኪናዋን ጎረቤትየዋ በር ላይ አቆመች። ሞተሩን ገና ሳታጠፋ ከውስጥ የትናንሽ እግሮች ሩጫ ተሰማ፤ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ፤ ኤቢሴ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ «ሃርሜ! ሃርሜ!» እያለች እናቷን እየጠራች ወጣች።

ዩኒፎርሙን ስታይ ቆመች። ድንቅቱን ከእግር እስከ ራስ ተመለከተቻት። ከዚያ በአጠገቧ አልፋ፣ ሁለት እጆቿን የመኪናዋ በር ላይ አድርጋ፣ በጣቶቿ ጫፍ ተንጠራርታ የኋላውን ወንበር አየች።

«ዛሬም አልመጣችም?» አለች።